ሊቀ ሽቦ ክንዴና ያላለቀው ሰላምታ

አገር ያለ ዳኛ ሊከርም ይችላል፤ ያለ ቄስም ቢሆን እንደምንም ጥቂት ይገፋል። «እሷን ለእኔ ተዉልኝ» የሚል ሰው ሳይኖርበት ግን አንድ ሳምንት የዋለ አገር የለም። ታውቋቸዋላችሁ። የተከደነ ነገር አይተው ማለፍ የማይሆንላቸው፣ የተፈታ ሲያዩ የሚገጥሙ፣ የተገጠመ ሲያዩ ደግሞ የሚፈቱ ሰዎች ናቸው። ዕቃችሁ ሲበላሽ ሳትጠሯቸው ይደርሳሉ፤ ደህና ሲሆን ደግሞ እስኪበላሽ አይታገሡም።

በስማዳ፣ ከወገዳ የሦስት ሰዓት መንገድ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ይህን ሥልጣን ይዘው የኖሩት አያ ክንዴ ነበሩ። ማዕረጋቸው ሊቀ ሽቦ ነው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው የመንደሩ ክሊኒክ ጤና ረዳት አማረች ናት። ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ካህናት ካላት መንደሩ ሊቀ ሽቦ ቢኖረው ምን ይገርማል ብላ በቀልድ ጀመረችው። እሳቸው ግን በቀልድ አልተቀበሉትም። በሳምንቱ ገበሬ ማኅበሩ ሲሰበሰብ እጃቸውን አውጥተው «እኔ ሊቀ ሽቦ ክንዴ እንደሚመስለኝ» ብለው ስለ ማዳበሪያ ተናገሩ።

ትምህርታቸውን የጨረሱት በሦስት ወር ነው፤ ያውም በዘበኝነት። መንገድ ሠሪዎች በጋይንት በኩል ድንኳን ተክለው በነበረ ጊዜ ዕቃ ቤቱን ይጠብቁ ነበር፤ ሲጠብቁም መካኒኮቹን በአጥር ቀዳዳ ያዩ ነበር። ከዚያ የተመለሱት አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቪቴና አንድ ምሳሌ ይዘው ነው። ምሳሌው «ዓይን ካየ እጅ ምን አግዶት!» ይላል። ፒንሳውና ካቻቪቴው እንዴት እንደመጡ ተጠይቀው አያውቁም።

እጃቸው በረከት አለው። የፈቱትን ሁሉ ሲገጥሙ ሁልጊዜ ጥቂት ቡሎን ይተርፋቸዋል። የተረፈውን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ያጠራቅሙታል፤ ቆርቆሮውም በዚያን ዘመን ግማሽ ደርሶ ነበር። ባለ ዕቃው ደንግጦ ሲጠይቅ ቆርቆሮውን አንዴ ያንቋቁና «ፋብሪካ ሲሠራ ያበዛል፤ የሚያስፈልገውንማ የምናውቅ እኛ ነን» ይላሉ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ዳኛቸው ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽበት እንዲያዩለት ሰጣቸው። አዩለት። ሬዲዮው ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልተንኮሻኮሸም፤ መጥፋትም ግን እንቢ አለ። ማጥፊያውን ቢያዞሩት፣ ቢጫኑት፣ ቢለምኑት አይሰማም። ሊቀ መንበሩ ለማን አቤት ይበል? የአብዮቱ ድምፅ በዛብኝ ብሎ የሚከስ ሊቀ መንበር የት ታይቷል? የባትሪ ድንጋዩ ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ በቤቱ መሪ ዜና፣ ሰልፍና ማርሽ እየተሰማ ሰነበተ። ሚስቱ እናቷ ቤት ሄዳ ተኛች።

የአማረችንም ቡታጋዝ ጠግነውላታል። እሳቱ ጣሪያውን ልሶ ሲመለስ የግራ ቅንድቧን ይዞ ሄደ። «እሳት አነሳት ብለሽ አልነበር?» አሏት ደስ ብሏቸው። ቅንድቧ ተመልሶ እስኪበቅል ሁለት ወር ፈጀ፤ ስማቸውን ሰምታ ሳትስቅ ለመቆየትም የዚያኑ ያህል ፈጀባት።

ከሀብታቸው ሁሉ የሚበልጠው ግን ባትሪያቸው ነው። ከተገለበጠ ላንድሮቨር የወጣች፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ምልክቷ ሁሉ የተፋቀ የመኪና ባትሪ። ትንሿን ሬዲዮአቸውን የሚሰሙት በእሷ ነው። ስትደክም አህያ ላይ ጭነው ወገዳ ወፍጮ ቤት ወስደው ከሞተሩ ዲናሞ ያስሞሏታል፤ እሳቸው ግን «ላጠጣት ሄድሁ» ነው የሚሉት። ብርድ ሲሆን ጋቢ ያለብሷታል። ባለቤታቸው እማማ ታንጉ ባትሪዋን በስሟ ጠርተው አያውቁም፤ «ጣውንቴ» ነው የሚሏት።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። አማረች በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። ሐሙስ ክትባት ይሰጣል ብላ በየመንደሩ አስነግራለች፤ ክትባቱ ደግሞ በበረዶ ሳጥን ሆኖ ከንፋስ መውጫ በመኪና ነው የሚመጣው። በግንቦትም እንዲሁ አስነግራ ነበር። እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ግማሽ ቀን ተጉዘው መጡ፤ መኪናው አልመጣም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠብቀው፣ ምንም ሳይሉ፣ ነጠላቸውን አራግፈው ተመለሱ። ምንም አለማለታቸው ከእርግማን ይብስ ነበር።

የመንታ እናቷ ደጊቱ ብቻ ወደ ኋላ ቀርታ ተናገረቻት።

«አማረች፣ አንቺ ደግ ልጅ ነሽ፤ ይህን ማንም አይክድሽም። ሁለተኛ ከዋሸሽኝ ግን ይህን ደጃፍ አልረግጥም። እኔ ከቀረሁ ደግሞ ከወንዝ ማዶ አንድ ሰው እንዳትጠብቂ።»

ባለፈው ዓመት ኩፍኝ በዚያ ማዶ ስንት ሕፃን እንደወሰደ ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ለመስከረሙ በሚካኤል ስም ምላለች፤ የተማረች ነኝ የምትለው አማረች፣ በሕዝብ ፊት፣ እጇን አንሥታ ማለች።

ሰኞ ዕለት የዘገየ ዝናብ ጣለና በጋይንት በኩል ያለውን የወንዝ መሻገሪያ ቆርጦ ይዞት ሄደ። መኪናው ረቡዕ በማለዳ ከንፋስ መውጫ ይነሣል። በተለመደው መንገድ ከመጣ ወንዙ ዳር ደርሶ ይመለሳል፤ በረዶው ይቀልጣል፤ መድኃኒቱ ይበላሻል። በእስቴ በኩል ቢዞር ረጅም ነው እንጂ ይገባል። ይህን ማን ይንገራቸው? በእግር የሚላክ ሰው ንፋስ መውጫ ለመድረስ ሁለት ቀን ያስፈልገዋል፤ እስከዚያ መኪናው ሄዷል።

የቀረው የመገናኛ ሬዲዮው ነው። ለክትባቱ ሥራ ተብሎ የመጣ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ሽቦው በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል የተወጠረ ደህና ሬዲዮ ነው። አብሮት የመጣው ባትሪ ግን ክረምቱን አልዘለቀም። ንፋስ መውጫ ያለው ሠራተኛ ደግሞ የገጠሩን ክሊኒኮች የሚያዳምጠው ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አማረች በሩን ስትከፍት አህያ ቆማለች። አህያዋ ላይ ጋቢ የለበሰች ባትሪ አለች። ከአህያዋ ኋላ አያ ክንዴ አሉ።

«ማን ጠራዎት?» አለች።

«ችግር ጠራኝ። እሷን ለእኔ ተዪልኝ።»

አማረች ቅንድቧን ዳሰሰች። ሌላ ምርጫ ግን አልነበራትም፤ ገቡ።

ጓድ ዳኛቸውም ወሬውን ሰምቶ መጣ። ከሬዲዮው የወጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር ነው። ቀዩ ከባትሪዋ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከኔጋቲቭ መግባት እንዳለበት አማረች ታውቃለች። ባትሪዋ ላይ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገር ምልክት የለም።

«ይህ ምን ያከራክራል?» አለ ሊቀ መንበሩ። «ቀይ ወደ ግራ ነው። ቀኝ አድኃሪ ነው፤ ቀይ ወደ ቀኝ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አያ ክንዴ ተጠራጠሩ፤ ሊቀ መንበርን ግን እንዴት ይከራከራሉ? ቀዩን በግራ አስገቡ። ብልጭ አለ፣ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። የሬዲዮው ፊውዝ ሄደ።

አማረች ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አያ ክንዴ ፊውዙን አውጥተው በብርሃን እያዩ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ባትሪዋ ገና አልነቃችም መሰለኝ» አሉ። ከዚያ ወደ አማረች ዞረው «ልጄ፣ ድንች አለሽ?» ብለው ጠየቁ።

«ምን?»

«ድንች። ያልበሰለ።»

ድንች ጠፍቶ አያውቅም፤ ሰጠቻቸው። ለሁለት ከፈሉት። ከባትሪዋ ሁለት ሽቦ አወጡ፤ ጫፋቸውን በጥርሳቸው ልጠው በተከፈተው ድንች ላይ ጎን ለጎን ሰኩ። ከዚያ እንደ ጸሎት ዝም ብለው ቆሙ። ትንሽ ቆይቶ በአንደኛው ሽቦ ዙሪያ ድንቹ ጥቂት አረንጓዴ ሆነ።

«የቀዩ ቤት ይቺ ናት» አሉ በአረንጓዴው በኩል ያለውን እየጠቆሙ። ቀኙ ነበር። «መንገድ ሥራ ላይ በአጥር ቀዳዳ አይቻታለሁ። ሰው ይዋሻል፤ ድንች አትዋሽም።»

ጓድ ዳኛቸው ጉሮሮውን ጠረገ። አያ ክንዴ ከሊቀ መንበሩ የሲጋራውን ፓኮ ተቀብለው፣ ብልጭልጩን ወረቀት ቀድደው፣ በሞተው ፊውዝ ላይ ጠቀለሉት። ሽቦውን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ነገር ስላልነበራቸው ቀዩን በአውራ ጣታቸው ባትሪዋ ላይ ተጫኑት። በሬዲዮው ፊት ላይ ትንሽ መብራት በራች።

አማረችን ደስታ አፏን አስከፈታት። እኚህ ሰውዬ እውነትም ያውቃሉ እንዴ? ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ጽፋ ያዘጋጀችውን ወረቀት አነሣች። «መሻገሪያው ተቆርጧል፤ በእስቴ በኩል ዙሩ፤ ሐሙስ እንጠብቃለን።» ሰባት ቃል። ያሳጠረችው በምክንያት ነው። ሬዲዮውን ያመጣው ባለሙያ «ሲሰማ ይቀምሳል፣ ሲናገር ይጠጣል» ብሏታል፤ አያ ክንዴ ደግሞ ማታ ዜናና ዘፈን ሲሰሙ እንዳመሹ ደረታቸውን ነፍተው ነግረዋታል። ባትሪዋ ብትናገር ሁለት ደቂቃ ብትናገር ነው።

ከሬዲዮው እየተንኮሻኮሸ ድምፅ መጣ። «ንፋስ መውጫ ነኝ። ማን አለ? ቀይር።» ንግግሩን የጨረሰ ሰው «ቀይር» ይላል፤ ተራው የሌላው ነው ማለት ነው።

አማረች መናገሪያውን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። የአያ ክንዴ ባዶ የቀረችው እጅ ቀደመች።

«ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ሰነበትህ ወንድሜ? ቤቱ እንደምን ነው? ልጆቹ እንደምን ናቸው? ከብቱስ? ክረምቱ እንዴት አለፈላችሁ? ቀይር!»

«መልእክት ካለ በአጭሩ! ቀይር።»

«መልእክትስ አለ። ሰው ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ ውሃ አምጡ ይላል? ድምፅህ የጋይንት ሰው ድምፅ ነው፤ የማን ልጅ ነህ? ቀይር!»

«አያ ክንዴ፣ ወረቀቱን!» አለች አማረች ወረቀቱን አፍንጫቸው ላይ እያስጠጋች። አያ ክንዴ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አላቸው፤ ፊደል ግን በዝግታ ነው የሚገባቸው። በአገጫቸው «ቆዪ» አሏት።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «የአንዳርጌ ልጅ ካሴ ነኝ። ቀይር።»

«የትኛው አንዳርጌ? ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ባለ ዳማ በቅሎው? እናትህ ባንቺዓለም ናት? ቀይር!»

«አዎ! ማን ልበል? ቀይር።»

«ባንቺዓለም እኮ የአክስቴ ልጅ ናት! አንተ ክርስትና ስትነሣ ጠላ ስቀዳ የዋልሁ ክንዴ ነኝ! ቀይር!»

ከዚያ በኋላ ያ ደረቅ ድምፅ አልነበረም። «አያ ክንዴ! እንደምን ሰነበቱ? እማማ ታንጉስ? አዝመራው እንዴት ነው? ዝናቡ እንዴት አደረጋችሁ? ቀይር!»

አማረች ጋቢያቸውን ትጎትታለች፤ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን ይመታል። አያ ክንዴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ይመስገን! ገብሱ እሸት ነው፤ ባቄላው እንዲያ ነው። ዝናቡም ደግ ነበር። ሰኞ ብቻ ያ ክፉ ወንዝ መሻገሪያውን ቆርጦት ሄደ፤ የደጊቱንም ጊደር ይዟት ነበር። አሁን በዚያ በኩል በቅሎም አያልፍ፤ ሰው ሁሉ በእስቴ ነው የሚዞር። ጊደሯማ ምን የመሰለች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት...»

አማረች ያኔ መብራቷን አየች። ጠፍታለች። መቼ እንደጠፋች ማንም አላየም። በገብሱ ላይ ይሁን በወንዙ፣ ወይስ በጊደሯ ግንባር ላይ? አያ ክንዴ «ቀይር» አሉ። ሬዲዮው አልተንኮሻኮሸም።

«ሰባት ቃል!» አለች አማረች። «ሰባት ቃል ነበር አያ ክንዴ! ስለ ሰው በቅሎ ሲጠይቁ የእነዚያን ልጆች መድኃኒት አቀለጡብኝ! ሐሙስ ደጊቱ ስትመጣ እርስዎ ይመልሱላት!»

አያ ክንዴ ጣታቸውን ከባትሪዋ ላይ አላነሡም። «ሰላም ሳልለው...» ብለው ጀመሩና ተዉት። «እሷን ለእኔ ተዪልኝ» አላሉም። ባትሪዋን በጋቢ ጠቅልለው፣ አህያቸው ላይ ጭነው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ቡሎን ቀርታለች። አማረች አንሥታ ልትወረውራት ቃጣትና ኪሷ ውስጥ ከተተቻት።

ረቡዕ እማማ ታንጉ መጡ። «ያ ሰውዬ ጣውንቴን ሊያጠጣ ብሎ ትናንት ወገዳ ወጣ፤ ውሎ አድሮም አልተመለሰም» አሏት። ከኋላቸው ከወገዳ የመጣ ነጋዴ ወሬውን ጨረሰው። ወፍጮው ቆሟል። ለምን ቆመ? ባለፈው ወር አያ ክንዴ ጠግነውት ነበር። ባትሪዋን እዚያው ጥለው፣ ስንቅ እንኳ ሳይዙ፣ «በእግሬ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» ብለው ወደ እስቴ መንገድ ሲወጡ ታይተዋል።

አማረች ያን ቀን ሥራ አልያዘላትም። ተናዳባቸዋለች፤ ግን ደግሞ እኚያ ሽማግሌ በባዶ ሆዳቸው የት ያድሩ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል ዋለች። አንድም ሰው መጥቶ ምን ልፍታልሽ አላላትም።

ሐሙስ በማለዳ እናቶቹ መጡ። ከግንቦቱ ያነሱ ናቸው፤ ደጊቱ ግን መንታዎቿን አንዱን በጀርባ አንዱን በደረት አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሆነ። ደጊቱ የአንቀልባውን ጠፍር ጠበቅ አደረገች። አማረች ይህን ምልክት ታውቀዋለች፤ ሊነሡ ሲሉ እንዲህ ያደርጋሉ።

«ትንሽ ብቻ» አለቻት።

«ትንሹን በግንቦት ጠብቄልሻለሁ» አለች ደጊቱ፤ ተነሣች።

ይህኔ በእስቴ በኩል ካለው ኮረብታ ኋላ ጥሩምባ ተሰማ። የመኪና ጥሩምባ ነው። ተሰማና አላቆመም። እንደ መለከት አንድ ጊዜ ተነፍቶ፣ ሳይተነፍስ፣ እየቀረበ እየቀረበ መጣ። ሕፃናት አለቀሱ፣ ውሾች ጮኹ፣ ላም ጠፍሯን በጠሰች። መኪናዋ ኮረብታውን ዞራ ብቅ ስትል ከፊት ወንበር ላይ ጋቢያቸውን እያውለበለቡ የሚታዩት ሊቀ ሽቦ ክንዴ ናቸው።

ሹፌሩ ሀብቴ ሲወርድ ፊቱ እንደ ክረምት ነበር። «እኚህ ሰውዬ መንገድ ላይ ቆመው አገኘናቸው» ብሎ ከጥሩምባው በላይ ጮኸ። «ጥሩምባዋ ሰለል ብላለች፣ እሷን ለእኔ ተዋት አሉኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አላባራችም!»

እናቶቹ እልል አሉ። እልልታው ጥሩምባውን አሸነፈው። ሀብቴ ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦውን በጠሰ፤ አገሩ ጸጥ ሲል ከደረት ኪሱ ደብዳቤ አወጣ። ካሴ ለአማረች የጻፈው ነው፤ ቆማ አነበበችው።

«እህቴ አማረች፣ ከአያ ክንዴ ጋር ስንነጋገር ድምፃቸው ጠፋብኝ። የሰማሁት መልእክት ቢሆን ኖሮ በመዝገብ ጽፌ፣ የላኪ ቁጥር ጠይቄ፣ ሦስት ኃላፊ አስፈርሜ እስክጨርስ ሐሙስ ባለፈ ነበር። የዘመድ ወሬ ግን ፊርማ አይጠይቅም። ወንዙ መሻገሪያውን ወሰደ፣ ሰው በእስቴ ይዞራል ሲሉኝ ራሴ ሮጬ ለሀብቴ ነገርሁት። እናቴ ግን የጊደሯ ነገር እንቅልፍ ነሥቷታል። ወሰዳት ወይስ ወጣች? ሰላምታችን አላለቀም በይልኝ።»

አማረች ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሄዳ የአያ ክንዴን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ሁለት ቀን እህል ያልቀመሱት አያ ክንዴ ደንግጠው ትከሻዋን ያዙ።

«ተይ፣ ተይ ልጄ! ምን በደልሽኝ?»

«ተቆጣሁዎት።»

«ተቆጪ እንጂ። እኔስ ባትሪዋን ማታ ማታ መቼ አሳረፍኋት?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን አስቢው። ያን ልጅ በሰባት ቃል ብጥለው፣ እናቱ ምን ትለኝ ነበር?»

ደጊቱ የመጀመሪያዋ ሆና ገባች። መንታዎቹ ተራ በተራ ጮኹ። ስትወጣ አማረችን በዓይኗ ገርመም አድርጋ «ለሁለተኛው ዙር መቼ ነው የምንመጣ?» አለች። ከዚህ በላይ ምስጋና በስማዳ አይሰጥም። ጊደሯም ከታች ዋኝታ ወጥታ ስታላምጥ ተገኝታለች።

በሁለተኛው ማክሰኞ ወፍጮው ተጠግኖ፣ ባትሪዋም ጠጥታ ጠግባ መጣች። ወፍጮውን የጠገነው ሌላ ሰው ነው። አያ ክንዴ ቀዩን ሽቦ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። አማረች ኪሷ ውስጥ ያለችውን ቡሎን በጣቷ እያገላበጠች መናገሪያውን አነሣች። በወረቀቷ ላይ አምስት ቃል አለ። ወረቀቱን ገለበጠችው።

«ጤና ይስጥልኝ ካሴ። እንደምን ሰነበትህ? እማማ ባንቺዓለም እንደምን ናቸው? ጊደሯ ወጥታለች በላቸው። ክረምቱ እንዴት አለፈላችሁ? ቀይር።»

አያ ክንዴ ጣታቸውን ሳያነሡ ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

«ከብቱን ዘለልሽ» አሏት።